ጥያቄው ደርሶ መልሱ ሲከለከል፦ ከብራውዘር ወደ ሌላ ዶሜይን ጥያቄ የመላክ አሠራር

ለአንዲት የቅመማ ቅመም ነጋዴ የትዕዛዝ መቀበያ ገጽ እየሠራሁ ነበር። ገጹ አንድ ቦታ ተቀምጧል፤ ዋጋና ክምችት የሚሰጠው ሰርቨር ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። ኮምፒውተሬ ላይ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ገጹን ኢንተርኔት ላይ ባወጣሁበት ምሽት ግን የበርበሬው ዋጋ ጠፋ፤ የሽሮውም ጠፋ። የብራውዘሩን ኮንሶል፣ ስህተቶች የሚጻፉበትን መስኮት፣ ስከፍት በቀይ የተጻፈ ረጅም መስመር ጠበቀኝ። ባጭሩ «ይህ ጥያቄ በኮርስ ፖሊሲ ታግዷል» ይላል።

ሁለት ሌሊት የጃቫስክሪፕት ኮዱን ስገለባብጥ አደርኩ። ችግሩ ግን እዚያ አልነበረም። ዛሬም ጀማሪ ፕሮግራመሮች ይህንኑ ቀይ መስመር ፎቶ አንስተው ይልኩልኛል፤ እነሱም መፍትሔውን የሚፈልጉት ጃቫስክሪፕቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዋናውን ነገር ከመጀመሪያው ልናገር፦ ፈቃድ የሚሰጠው ሰርቨሩ ነው። የገጹን ኮድ የቱንም ያህል ብታስተካክሉት፣ ሰርቨሩ ካልፈቀደ ብራውዘሩ ምላሹን አያስነብባችሁም።

ኮርስ ስል የትምህርቱን ኮርስ ማለቴ አይደለም። «ክሮስ ኦሪጂን ሪሶርስ ሼሪንግ» የሚለው ስም ምህጻረ ቃል ነው። እዚህ የምጠራቸውን ሄደሮች (ከጥያቄውና ከምላሹ ጋር አብረው የሚሄዱ አጫጭር መረጃዎች) እና ትእዛዞች በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ኮድ ውስጥ ስታስገቧቸው ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

«ሌላ» የሚባለው የትኛው ነው?

ብራውዘሩ የሚያወዳድረው ኦሪጂን የሚባለውን ነገር ነው። «መነሻ» ልንለው እንችላለን። መነሻ ሦስት ነገሮችን ይይዛል፦ ፕሮቶኮሉን፣ የሰርቨሩን ስም እና የፖርት ቁጥሩን። ከሦስቱ አንዱ ከተለየ መነሻው ሌላ ነው።

ስለዚህ በኤችቲቲፒ የተከፈተ ገጽና በኤችቲቲፒኤስ የተከፈተው ያው ገጽ መነሻቸው ይለያያል። ሎካልሆስት (ኮምፒውተራችሁ ራሱ) በፖርት 5173 እና ሎካልሆስት በፖርት 4000 ይለያያሉ። ሎካልሆስትና 127.0.0.1 እንኳ ለብራውዘሩ ሁለት የተለያዩ መነሻዎች ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ግን አንድ ነው። ይህቺ የመጨረሻዋ ብዙ ሰው ታሳስታለች። ገጹን በአንደኛው ስም ከፍታችሁ ሰርቨሩ ላይ ሌላኛውን ስም ከፈቀዳችሁ አይሠራም።

ከአድራሻው ቀጥሎ የሚመጣው መንገድ ግን አይቆጠርም። በአንድ መነሻ ስር ያሉ የዋጋ ገጽና የትዕዛዝ ገጽ እርስ በርስ ያለ ፈቃድ ይነጋገራሉ።

ለምን እንዲህ ተደረገ? በአንድ ታብ የባንክ ገጻችሁ ክፍት ነው እንበል፤ ሎግኢን አድርጋችኋል። በሌላ ታብ የማታውቁትን ገጽ ከፈታችሁ። የዚያ ገጽ ኮድ ወደ ባንኩ ጥያቄ ቢልክ ብራውዘሩ የእናንተን ኩኪ፣ ሎግኢን ማድረጋችሁን የሚያሳየውን ትንሽ መረጃ፣ አብሮ ሊልክ ይችላል። ምላሹን ማንበብ ቢፈቀድለት ኖሮ የሂሳባችሁን መጠን በእጁ አስገባ ማለት ነው። ኔትስኬፕ የተባለው የጥንት ብራውዘር ይህን የመነሻ ሕግ ያስገባው ጃቫስክሪፕት ገና በተወለደበት በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ኮርስ ደግሞ ለዚህ ጥብቅ ሕግ የተከፈተ በር ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 የወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሰርቲየም ይፋ ምክረ ሐሳብ ሆነ፤ ዛሬ ደንቡ የሚኖረው ፌች በተባለው ስታንዳርድ ውስጥ ነው።

አሠራሩን እንደ ደብዳቤ አስቡት። ደብዳቤያችሁ ሄዷል። ተቀባዩ አንብቦታል፤ መልሱንም ልኳል። መልእክተኛው መልሱን በእጁ ይዞ ፖስታው ላይ ስማችሁ መጻፉን ያያል። ካልተጻፈ አይሰጣችሁም። መልእክተኛው ብራውዘሩ ነው። ፖስታው ላይ የሚጻፈው ስም ደግሞ አክሰስ-ኮንትሮል-አላው-ኦሪጂን የሚባለው ሄደር ነው። ከዚህ በኋላ አሳጥሬ አላው-ኦሪጂን እለዋለሁ። ኋላ የሚመጡት በ«አላው»፣ በ«ማክስ»፣ በ«ኤክስፖዝ» እና በ«ሪኩዌስት» የሚጀምሩ ሄደሮችም እንዲሁ አጥረዋል፤ ኮድ ውስጥ ከፊታቸው «አክሰስ-ኮንትሮል» አለ።

ደረጃ 1፦ በዓይናችሁ እዩት

ከማንበብ ማየት ይሻላል። ለዚህ የአማርኛ ዊኪፒዲያ ግሩም መሞከሪያ ነው። አንዱ አድራሻ ሁለቱንም ነገር፣ መከልከሉንም መፍቀዱንም፣ ያሳያችኋል።

ባዶ የኤችቲኤምኤል ፋይል አዘጋጁ። ፋይሉን ሁለቴ በመጫን አትክፈቱት። እንዲያ ሲከፈት ብራውዘሩ መነሻውን «ነል» ብሎ ይልካል፤ ብዙ ሰርቨሮች ደግሞ እሱን አይፈቅዱም። ፋይሉ ያለበት ፎልደር ውስጥ ተርሚናል ከፍታችሁ በፓይተን «ኤችቲቲፒ.ሰርቨር» የሚባለውን ሞጁል አስነሱ። ገጻችሁ ሎካልሆስት ላይ በፖርት 8000 ይከፈታል።

አሁን በገጹ ስክሪፕት ውስጥ ፌች በሚለው ፈንክሽን ወደ አማርኛ ዊኪፒዲያ ኤፒአይ፣ ፕሮግራሞች መረጃ ወደሚጠይቁበት አድራሻ፣ ጥያቄ ላኩ። «አክሽን» የሚለውን «ኩዌሪ»፣ «ሊስት» የሚለውን «ሰርች»፣ «ፎርማት» የሚለውን «ጄሰን» አድርጉ። የፍለጋው ቃል «ጤፍ» ይሁን።

ገጹን አድሱት። ቀዩ መስመር ይመጣል፤ አላው-ኦሪጂን የሚባል ሄደር ምላሹ ላይ የለም ይላችኋል። ክሮም የምትጠቀሙ ከሆነ ከሥሩ ያለውን መስመር ልብ በሉት፦ አልተሳካም ካለ በኋላ 200 የሚል ቁጥር ጽፎ ታገኛላችሁ። ሰርቨሩ በትክክል መልሷል ማለት ነው። መልሱ ከደጃችሁ ደርሶ ነው የተያዘው።

ቀጥሎ አድራሻው መጨረሻ ላይ አንዲት ነገር ጨምሩ፦ «ኦሪጂን» የሚል መለኪያ፣ ዋጋው የኮከብ ምልክት *። እንደገና አድሱት። ስለ ጤፍ የተጻፉ ገጾች ዝርዝር ይመጣል።

ይህች «ኦሪጂን» የምትባል መለኪያ የዊኪፒዲያ ሶፍትዌር የራሱ ዘዴ ናት፤ ሌላ ኤፒአይ ላይ ብትጨምሯት ምንም አታደርግም። ዊኪፒዲያን «ማንነቴን ሳታይ እንደ እንግዳ መልስልኝ» የምትል ጥያቄ ናት። ሰርቨሩ ሲሰማት ምላሹ ላይ አላው-ኦሪጂንን ይጽፋል፤ ብራውዘሩም ያሳልፋል። የገጹ ኮድ ሌላ የተለወጠ ነገር የለውም። ያ ነው ነጥቡ።

ደረጃ 2፦ ሰርቨሩ የማን ነው?

ኮድ ከመንካታችሁ በፊት ይህን ጥያቄ መልሱ። መንገዱ የሚለያየው እዚህ ነው።

ሰርቨሩ የራሳችሁ ወይም የባልደረባችሁ ከሆነ፣ ፈቃዱን እዚያ ጻፉ። ደረጃ 3 ለእናንተ ነው። ሰርቨሩ የሌላ ሰው ሆኖ ለሁሉም የሚፈቅድ ከሆነ ጣጣ የለውም፤ በቀጥታ ተጠቀሙበት። ሰርቨሩ የሌላ ሰው ከሆነና ካልፈቀደ፣ ወይም ጥያቄው ሚስጥራዊ ቁልፍ የሚይዝ ከሆነ፣ ደረጃ 6ን አንብቡ። ከብራውዘር በቀጥታ ለመላክ አትታገሉ።

ደረጃ 3፦ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ፈቃድ መጻፍ

ኖድ ጄኤስንና ኤክስፕረስን፣ ሰርቨር በጃቫስክሪፕት የሚሠራባቸውን መሣሪያዎች፣ ይዤ ላሳይ። እኔም የቅመሙን ገጽ የሠራሁት በእነሱ ነው።

መጀመሪያ «ኮርስ» የሚባለውን ፓኬጅ በኤንፒኤም ጫኑ። ቀጥሎ የምትፈቅዷቸውን መነሻዎች በዝርዝር አስቀምጡ፦ አንዱ በሥራ ጊዜ የምትከፍቱት የሎካልሆስት አድራሻ፣ ሌላው ኢንተርኔት ላይ ያለው የገጹ አድራሻ። ዝርዝሩን ኮዱ መሃል ከመጻፍ ይልቅ በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ከኮዱ ውጪ በሚቀመጥ ቅንብር) ብትሰጡት ይሻላል። ዶሜይን ሲቀየር ኮድ መንካት አይኖርባችሁም።

ከዚያ ፓኬጁን «ኦሪጂን» በሚለው ቦታ ዝርዝሩን ሰጥታችሁ በ«አፕ.ዩዝ» አስገቡት። ቦታው ወሳኝ ነው። ከሁሉም ራውቶች (የየአድራሻውን ጥያቄ ከሚመልሱት ክፍሎች) በላይ፣ ሎግኢን ከሚፈትሸው ክፍልም በላይ ይቀመጥ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 4 ላይ ታገኙታላችሁ።

አድራሻዎቹን ስትጽፉ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ፕሮቶኮሉ ይኑር። መጨረሻ ላይ እዝባር (/) አይኑር። ብራውዘሩ የሚልከው መነሻ መጨረሻው ላይ እዝባር የለውም፤ ንጽጽሩም ፊደል በፊደል ነው። አድራሻውን ከብራውዘሩ ላይ ኮፒ ስታደርጉ እዝባሯ አብራ ትመጣለችና አጥፏት።

የኮከብ ምልክቷን ብጽፍስ? ይዘቱ ለማንም ክፍት ከሆነ፣ ኩኪ ከሌለ፣ ሎግኢን ከሌለ፣ ችግር የለውም። የአየር ሁኔታ ወይም የመዝገበ ቃላት ኤፒአይ * ቢል ትክክል ነው። የደንበኛ ስልክና ትዕዛዝ የሚይዝ ኤፒአይ ግን በስም ይፍቀድ።

በስም ስትፈቅዱ አንድ ሌላ ሄደር አብሮ ይመጣል። «ቬሪ» ይባላል፤ ዋጋው «ኦሪጂን» ነው። ምላሹ እንደ ጠያቂው መነሻ እንደሚለያይ መሃል ላይ ላለው ካሽ፣ ምላሾችን አስቀምጦ ደግሞ ለሚሰጠው ማከማቻ፣ ይነግረዋል። ይህ ከሌለ ለአንዱ ገጽ የተጻፈው ፈቃድ ካሽ ውስጥ ተቀምጦ ለሌላው ይሰጣል፤ አንድ ጊዜ የሚሠራ፣ አንድ ጊዜ የማይሠራ አስቸጋሪ ስህተት ይሆንባችኋል። ዝርዝር ከሰጣችሁት የኤክስፕረሱ ፓኬጅ ራሱ ይጨምረዋል። በእጃችሁ የምትጽፉ ከሆነ አትርሱት።

ጃንጎ ላይ ከሆናችሁ «ጃንጎ-ኮርስ-ሄደርስ» የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ። ሚድልዌሩን (እያንዳንዱ ጥያቄ መጀመሪያ የሚያልፍበትን ክፍል) ወደ ላይ፣ በተለይ ከ«ኮመን ሚድልዌር» በላይ አድርጉት። ላራቬል ከቨርዥን 7 ጀምሮ ይህን አብሮት ይዞ ይመጣል፤ ኮንፊግ ፎልደር ውስጥ «ኮርስ» የሚለውን ፋይል አስተካክሉ (ከቨርዥን 11 ወዲህ ፋይሉ ስለማይታይ መጀመሪያ በአርቲዛን «ኮንፊግ:ፐብሊሽ ኮርስ» አውጡት)፣ የኮንፊግ ካሽ ካለም አጽዱ። በባዶ ፒኤችፒ የምትሠሩ «ሄደር» በሚለው ፈንክሽን ጻፉት፤ ማንኛውም ጽሑፍ ወደ ገጹ ከመውጣቱ በፊት ይሁን።

አንድ ነገር ግን እንዳትሳሳቱ። ይህ ሁሉ ሰርቨራችሁን የሚጠብቅ አጥር አይደለም። ከብራውዘር ውጪ ያለ ፕሮግራም መነሻን አይጠይቅም፤ ከርልም ፖስትማንም (ያለ ብራውዘር ጥያቄ የሚልኩ መሣሪያዎች) ያለ ምንም ፈቃድ ምላሹን ያነባሉ። ከማይፈቀድ ገጽ የተላከ ቀላል የፖስት ጥያቄ እንኳ ሰርቨሩ ዘንድ ደርሶ ሥራውን ሊሠራ ይችላል፤ የሚከለከለው ምላሹን ማንበብ ነው። የሎግኢንና የፈቃድ ፍተሻችሁ እንዳለ ይቆይ።

ደረጃ 4፦ ከጥያቄው በፊት የሚሄደው ጥያቄ

የኔን ሁለት ሌሊት የበላው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልግለጸው።

አንዳንድ ጥያቄዎችን ብራውዘሩ ወዲያው አይልክም። መጀመሪያ «ኦፕሽንስ» በሚባል ዘዴ (ሜተድ) ሌላ ትንሽ ጥያቄ ይልካል። ፕሪፍላይት ይሉታል፤ አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት እንደሚደረገው ፍተሻ ነው። «ከዚህ መነሻ፣ በዚህ ዘዴ፣ እነዚህን ሄደሮች ይዤ ልመጣ ነው፤ ትፈቅዳለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰርቨሩ ከፈቀደ እውነተኛው ጥያቄ ይከተላል። ካልፈቀደ እውነተኛው ጥያቄ ጨርሶ አይነሳም።

መቼ ነው ይህ የሚሆነው? ዘዴው ጌት፣ ሄድ ወይም ፖስት ካልሆነ፤ ማለትም ፑት፣ ፓች ወይም ዲሊት ከሆነ። ወይም እንደ «ኦቶራይዜሽን» ያለ ተጨማሪ ሄደር ካለ። ወይም የይዘቱ ዓይነት ከሦስቱ ውጪ ከሆነ። ሦስቱ ተራ የፎርም ይዘት፣ ፋይል የሚይዘው ፎርምና ተራ ጽሑፍ ናቸው። ጄሰን፣ ዛሬ ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ፣ ከሦስቱ ውስጥ የለም! ስለዚህ ዛሬ የምንጽፈው ማንኛውም ጄሰን የሚልክ ፖስት ፕሪፍላይት ይቀድመዋል።

ለምን እነዚያ ሦስቱ ነጻ ሆኑ? ተራ የኤችቲኤምኤል ፎርም ከጥንት ጀምሮ ወደ ፈለገው ዶሜይን ሊልካቸው ይችል ስለነበር ነው። ሰርቨሮች ለእነሱ ዝግጁ ናቸው ተብሎ ይታሰባል። ከእነሱ ውጪ ያለው አዲስ ኃይል ስለሆነ አስቀድሞ ይጠየቃል። ይህ አንዴ ከገባችሁ ዝርዝሩን መሸምደድ አያስፈልጋችሁም፤ «ፎርም ይህን መላክ ይችል ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ኔ ችግር። ሰርቨሬ ላይ ሎግኢን የሚፈትሽ ሚድልዌር ነበር፤ ቶክን (ሎግኢን ያደረገ ሰው የሚይዘው መለያ) ያልያዘ ጥያቄ ሁሉ 401፣ ማለትም «ማንነትህ አልተረጋገጠም»፣ ይመለስለታል። ፕሪፍላይት ደግሞ ቶክን አይዝም። ብራውዘሩ ኩኪም ቶክንም አያስይዘውም፤ ገና ፈቃድ እየጠየቀ ነዋ። ስለዚህ ፕሪፍላይቱ 401 ተመለሰ፣ ብራውዘሩ እውነተኛውን ጥያቄ ሰረዘ፣ እኔም ቶክኑ ለምን አልደረሰም ብዬ ጃቫስክሪፕቱን ስፈትሽ አደርኩ። የኮርሱን መስመር ከሎግኢኑ ፍተሻ በላይ ሳወጣው ሁሉም ተስተካከለ። ለውጡ አንድ መስመር ከታች ወደ ላይ መውሰድ ብቻ ነበር።

ፕሪፍላይት እንዲያልፍ ምላሹ ከ200 እስከ 299 ባለው ቁጥር መሆን አለበት፤ 204 የተለመደ ነው። አላው-ኦሪጂን ይኑረው። «አላው-ሜተድስ» የምትፈቅዱትን ዘዴ፣ «አላው-ሄደርስ» የምትፈቅዱትን ሄደር ይዘርዝር። «አላው-ሄደርስ» ላይ * ብትጽፉ እንኳ ደንቡ ኦቶራይዜሽን በስሙ ይጻፍ ይላል። ወደ ሌላ አድራሻ የሚመራ ምላሽ ፕሪፍላይት ላይ አይሠራም። ከኤችቲቲፒ ወደ ኤችቲቲፒኤስ የሚመልስ ሰርቨር ካላችሁ ገጹ ከመጀመሪያው ትክክለኛውን አድራሻ ይጥራ። ጃንጎ ላይም አድራሻው መጨረሻ እዝባር ስትጎድል ተመሳሳይ ነገር ይገጥማችኋል።

ስለ ፍጥነት አንድ ነገር ልጨምር፤ ለኛ አገር ተጠቃሚ ዋጋ አለውና። ሰርቨሩ አውሮፓ ተቀምጦ ተጠቃሚው አዲስ አበባ ወይም ደሴ ላይ በስልክ ዳታ የሚከፍት ከሆነ፣ ፕሪፍላይት ማለት ያንን ሁሉ መንገድ ደርሶ መመለስ አንድ ጊዜ ተጨመረ ማለት ነው። «ማክስ-ኤጅ» የሚባለው ሄደር ይህን ይቀንሳል፤ ፈቃዱን ለስንት ሰከንድ አስታውስ ብሎ ለብራውዘሩ ይነግረዋል። ካልጻፋችሁት የሚያስታውሰው 5 ሰከንድ ብቻ ነው። ክሮም እስከ 7200 ሰከንድ፣ ፋየርፎክስ እስከ 86400 ሰከንድ ይቀበላል። እኔ 7200 እጽፋለሁ። የሚታወሰው ግን በየአድራሻው ነው፤ የአንድ ዕቃ ዋጋ ለብቻው፣ የሌላው ለብቻው። አሥር ዕቃ በአሥር ጥያቄ ከማምጣት በአንድ ጥያቄ ማምጣት ይሻላል።

ጄሰኑን «ተራ ጽሑፍ ነው» ብሎ በመላክ ፕሪፍላይትን መዝለል ይቻላል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ይቻላል። እኔ አልመክረውም። ፕሪፍላይቱ ከሌላ ገጽ የሚመጣን ጥያቄ አስቀድሞ የሚይዝ አንድ መከላከያ ነው፤ በገዛ እጃችሁ አታንሱት።

ደረጃ 5፦ ኩኪ ካለ

ፌች ወደ ሌላ መነሻ ሲሄድ ኩኪ አይዝም። እንዲይዝ ከፈለጋችሁ ሁለቱም ወገን መስማማት አለባቸው። በገጹ በኩል «ክሬደንሻልስ» የሚለውን «ኢንክሉድ» አድርጉ። በሰርቨሩ በኩል «አላው-ክሬደንሻልስ» የሚል ሄደር «ትሩ» ይበል። በዚህ ጊዜ አላው-ኦሪጂን * ሊሆን አይችልም፤ የገጹ ስም በትክክል ይጻፍ። አንዳንዱ ሰው ይህን ለመወጣት የመጣውን መነሻ ሁሉ ሳያጣራ መልሶ ይጽፋል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የማንም ገጽ በደንበኛችሁ ኩኪ ገብቶ የደንበኛችሁን መረጃ እንዲያነብ በሩን በረገዳችሁት ማለት ነው።

ቀጥሎ ኩኪው ራሱ አለ። ከየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክሮም «ሴምሳይት» ያልተጻፈበትን ኩኪ «ላክስ» አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ወደ ሌላ ሳይት በፌች ሲኬድ አይላክም። እንዲላክ «ሴምሳይት» «ነን» መሆንና «ሴኪውር» የሚለው መጨመር አለበት። ይህም ሆኖ ሳፋሪ የሦስተኛ ወገን ኩኪን በሙሉ ያግዳል። አይፎን የያዘ ደንበኛችሁ ሎግኢን አድርጎ ወዲያው ሊወጣባችሁ ይችላል።

የሚሻለው መንገድ ገጹንና ኤፒአዩን በአንድ ዶሜይን ስር ማድረግ ነው። ገጹ በዋናው ስም፣ ኤፒአዩ «ኤፒአይ» በሚል ንዑስ ዶሜይን። መነሻቸው ይለያያልና የኮርስ ፈቃዱ ያስፈልጋል። ሳይታቸው ግን አንድ ነው፤ ኩኪው በላክስ እንኳ ይሄዳል፣ ሳፋሪም አያግደውም። ነጻ ሆስቲንግ ላይ ግን ይህ አይሠራም። ቨርሰል፣ ኔትሊፋይና ጊትሃብ ፔጅስ የሚሰጧችሁ ሁለት ንዑስ ስሞች ሆን ተብሎ እንደ ሁለት የተለያዩ ሳይቶች ነው የሚቆጠሩት፤ የጎረቤታችሁ ፕሮጀክት ኩኪያችሁን እንዳይነካ። የራስን ዶሜይን መግዛት እዚህ ላይ ዋጋውን ይመልሳል።

ደረጃ 6፦ የሌላ ሰው ሰርቨር ካልፈቀደ

የቅመሙ ገጽ ደንበኞች ግማሹ አሜሪካ ሆነው ለቤተሰብ የሚያዙ ናቸው። ዋጋው በዶላርም እንዲታይ ፈለግን። የመረጥነው የምንዛሪ ኤፒአይ ቁልፍ ይጠይቃል፤ ከብራውዘርም አይፈቅድም።

ያኔ መፍትሔው በራስ ሰርቨር በኩል ማሳለፍ ነው። የመነሻ ሕግ የብራውዘር ሕግ ነው፤ ሰርቨር ከሰርቨር ሲነጋገር የለም። ሰርቨራችሁ ላይ «ምንዛሪ» የሚል አንድ ራውት ክፈቱ። ገጹ እሱን ይጠይቃል። ራውቱ ቁልፉን ከኢንቫይሮመንት ቫሪያብል አንስቶ የውጭውን ኤፒአይ ይጠይቅና ውጤቱን ለገጹ ይመልሳል። ኖድ ከቨርዥን 18 ጀምሮ ፌች አብሮት አለ፤ ተጨማሪ ፓኬጅ አያስፈልግም። ውጤቱን ለአንድ ሰዓት ያህል አስቀምጡት፤ የጥያቄ ገደባችሁን አትጨርሱም።

አድራሻውን ከገጹ አትቀበሉ። «የፈለግከውን አድራሻ ላክልኝ፣ አምጥቼ እሰጥሃለሁ» የሚል ራውት ብትሠሩ ማንም ሰው በሰርቨራችሁ ስም የፈለገውን ያደርጋል፤ ከውስጥ ብቻ የሚታዩ አገልግሎቶቻችሁንም ሊደርስባቸው ይችላል። ራውቱ የሚያውቀው አንድ የተወሰነ አድራሻ ብቻ ይሁን።

ክፍያም እንዲሁ ነው። ቻፓን ወይም ሌላ የክፍያ አገልግሎት ስታገናኙ ሚስጥራዊው ቁልፍ ሰርቨር ላይ ብቻ ይኑር። ጃቫስክሪፕት ውስጥ የገባ ቁልፍ ሚስጥር አይደለም፤ ገጹን የከፈተ ሁሉ ያነበዋል። እዚህ ላይ የኮርስ ክልከላ ሲገጥማችሁ ብራውዘሩ የተሳሳተ ቦታ ላይ እንዳላችሁ እየነገራችሁ ነው።

በሥራ ጊዜ፣ እና ከዚያ በኋላ

ቪትን፣ ገጽ መገንቢያውን መሣሪያ፣ የምትጠቀሙ ከሆነ የራሱ «ፕሮክሲ» (ጥያቄን ተቀብሎ የሚያሳልፍ አማላጅ) አለው። ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ «በኤፒአይ የሚጀምር ጥያቄ ሁሉ ወደ ፖርት 4000 ይሂድ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ብራውዘሩ ሁሉንም ከአንድ መነሻ የመጣ አድርጎ ያያል፤ ኮርስ አይነሳም። ግን ይህ የሚሠራው በሥራ ጊዜ ብቻ ነው። ገጹን ገንብታችሁ ስታወጡት ፕሮክሲው አብሮ አይወጣም። እኔን ያሳተኝ አንዱ ይህ ነው፤ ቤት ውስጥ ሁሉ ሰላም የነበረው በሱ ምክንያት ነው።

ሰርቨሩ ሙሉ በሙሉ የእናንተ ከሆነ ያንኑ ነገር ከፊት ሆኖ ጥያቄዎችን በሚያከፋፍለው በኤንጂንኤክስ ለዘለቄታው ማድረግ ትችላላችሁ። ገጹም ኤፒአዩም በአንድ ስም ይወጣሉ፤ በኤፒአይ የሚጀምረውን መንገድ ኤንጂንኤክስ ወደ ውስጥ ይመራዋል። የኮርስ ፈቃድ የለም፣ ፕሪፍላይት የለም፣ የኩኪ ጣጣ የለም። ከቻላችሁ ይህን ምረጡ። የቅመሙን ገጽ በመጨረሻ ወደዚህ ነው ያዞርኩት።

የማልመክራቸውን ቶሎ ልጥቀስ። ፌች ላይ «ኖ-ኮርስ» የሚለውን ሞድ መጻፍ ቀዩን መስመር ያጠፋዋል፤ የሚመጣው ምላሽ ግን የታሸገ ነው፣ ይዘቱን ማንበብ አትችሉም፣ ስታተሱም 0 ነው። የብራውዘሩን ጥበቃ የሚያጠፋ ኤክስቴንሽን የእናንተን ኮምፒውተር ብቻ ያታልላል፤ ደንበኛው ያው ነው። የማይታወቅ የሕዝብ ፕሮክሲ የደንበኞቻችሁን መረጃ በሰው እጅ ያሳልፋል። የድሮው ጄሰንፒ፣ መረጃን እንደ ስክሪፕት የመጫን ዘዴ፣ ደግሞ የሌላ ሰው ኮድ በገጻችሁ ውስጥ እንዲሠራ መፍቀድ ነው፤ ዛሬ ምክንያት የለውም።

አሁንም ካልሠራ

መልእክቱን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ረጅም ነው፣ ግን በትክክል ይናገራል። ሄደሩ የለም ማለት አንድ ነገር ነው፤ ሄደሩ ከመነሻው ጋር አይገጥምም ማለት ሌላ፤ ሄደሩ ሁለት ዋጋ ይዟል ማለት ደግሞ ሌላ። ሁለት ዋጋ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ኤንጂንኤክስም ኤክስፕረስም ሁለቱም ሲጽፉት ነው። ከአንዱ አውጡት።

ሄደሩ የለም ካለና እናንተ እንደጻፋችሁት እርግጠኛ ከሆናችሁ የሰርቨሩን ሎግ እዩ። ሰርቨሩ መሃል ላይ ወድቆ 500 መልሶ ይሆናል፤ የስህተት ምላሹ ፈቃዱን አይዝም፣ ብራውዘሩም ኮርስ ነው ይላችኋል። ኤንጂንኤክስ ላይ «አድ-ሄደር» የሚለው ትእዛዝ በስህተት ምላሾች ላይ አይጽፍም፤ መጨረሻው ላይ «ኦልዌይስ» የሚለውን ቃል ጨምሩበት።

ከዚያ በከርል ፈትሹ። «ኦሪጂን» የሚለውን ሄደር በእጃችሁ ጨምራችሁ ላኩና የሚመለሱትን ሄደሮች እዩ። ፕሪፍላይቱንም በኦፕሽንስ ዘዴ ለብቻው ላኩት፤ «ሪኩዌስት-ሜተድ» የሚለውን ሄደር አብራችሁ። ከርል ራሱ አይከለክልም። የምትፈልጉት አላው-ኦሪጂን የሚለው መስመር መኖሩንና ፊደሉ በትክክል መግጠሙን ነው።

ምላሹ እየመጣ አንድ የተወሰነ ሄደር ብቻ ማንበብ ካቃታችሁ፣ ለምሳሌ የገጾቹን ጠቅላላ ብዛት የሚይዘውን፣ ሰርቨሩ «ኤክስፖዝ-ሄደርስ» ውስጥ ስሙን ይጻፈው። ኔትወርክ ታብ ላይ ይታያል፣ ኮዱ ግን ባዶ ያገኛል፤ ግራ የሚያጋባው ለዚህ ነው።

የተገነባውን ገጽ በቪት ፕሪቪው ስትከፍቱ ፖርቱ 5173 መሆኑ ቀርቶ 4173 ይሆናል። አዲስ መነሻ ነው፤ ዝርዝሩ ላይ ጨምሩት። በስልካችሁ ስትሞክሩም እንዲሁ። ስልኩ ላይ ሎካልሆስት ማለት ስልኩ ራሱ ነው። ስለዚህ ገጹ ኤፒአዩን የሚጠራበትን አድራሻ በኮምፒውተሩ የዋይፋይ ቁጥር፣ በ192.168 በሚጀምረው ለውጡት፤ ያንኑ ቁጥር ከገጹ ፖርት ጋር ሰርቨሩ ላይ ፍቀዱት፤ ሰርቨሩን አጥፍታችሁ አስነሱትና ገጹን ስልኩ ላይ እንደገና ክፈቱት።